አሥራ ዘጠኙን ያስቀመጥኩበት ረድፍ

ማክሰኞ 3

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ዛሬ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር አደለችን። «ያያችሁትንና የሰማችሁትን በየቀኑ ጫር ጫር አድርጉበት፤ ነጥብ ስትሰጡ ይጠቅማችኋል» አለች። የድሮ ርእሰ መምህርት ስለሆነች ሰው ሁሉ ተማሪዋ ይመስላታል። ባዶ ደብተር ታቅፎ መገኘት ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ምራቴ ትጽፋለች። ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ እጇ ፈጣን ነው። ልጄ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱን የያዝነው እኔና እሷ ነን።

ገና ሳንጀምር አስጠነቀቅኳት። «ያልኩሽን ጻፊ። እንዳታሳምሪብኝ።»

«እሺ አባባ። ይህንንም ልጻፈው?»

«የትኛውን?»

«እንዳታሳምሪብኝ ያሉኝን።»

ጻፊው አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለየሰፈሩ አገልግሎት የሚሰጠው ድጎማ ዘንድሮ ተቆርጦ ተቆርጦ ለሁለት ብቻ የሚበቃ ሆኗል። ጠያቂዎቹ ግን አምስት ናቸው። የሚመርጠው አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሰፈሩ በጭብጨባ ነው የመረጠኝ። ለምን አይመርጠኝም? አርባ ዓመት የዚህን ከተማ የውሃ ቧንቧ ስቀብር የኖርኩ ሰው ነኝ። የማን ግቢ ውሃ እንደሚደርሰው፣ የማን እንደማይደርሰው ከከንቲባው ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ከሰብሳቢዋ ሌላ አንድ ፋርማሲስት፣ አንዲት አዋላጅ፣ ከባንክ ጡረታ የወጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አሉ። ሁሉም ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ ሰክተዋል። እኔም ሰክቼ ነው የሄድኩት።

ረቡዕ 4

ምራቴ ከሥራ እንደተመለሰች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አምስቱን ማመልከቻ አነበበችልኝ።

ይህን ገጽ ሰብሳቢዋ የምታየው ከሆነ ቀድጄ አወጣዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር አውቃለሁ፤ በሜትርና በኢንች፣ በቀንና በሰዓት ማንም አያታልለኝም። ፊደል ግን የለኝም። ይህን የሚያውቁት ልጄ፣ ይህችው ምራቴና በያጁ ናቸው። በያጁ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው፤ እኔ ቧንቧውን እዘረጋለሁ፣ እሱ ይበይዳል። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን የሚበላ መስሎ የሥራ ትእዛዙን ጆሮዬ ሥር ያነብልኝ ነበር። አንድ ቀን አልሳቀብኝም። አንድ ቀን ለሰው አላወራብኝም። የቡድን አለቃ እስከመሆን ደረስኩ።

እኔ ነገር የምይዘው በቦታው ነው። አንድ መንገድ ሥር አሥራ አንድ ቫልቭ ቢኖር የቱ የማንን ውሃ እንደሚዘጋ ወረቀት አላይም፤ ከማዕዘኑ ሦስተኛው፣ ከድልድዩ ወዲህ ሁለተኛው እያልኩ ነው። እነዚህንም እንዲሁ ያዝኳቸው። በዝርዝሩ ላይ አንደኛው ረድፍ ገበያው ዳር ያለው የሕፃናት ማቆያ ነው። ሁለተኛው የኩላሊት እጥበት በሽተኞችን ሆስፒታል የሚያመላልሰው ሚኒባስ። ሦስተኛው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ አራተኛው የኳስ ሜዳ፣ አምስተኛው የስፌት ማሠልጠኛ። ምራቴ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም ጠየቀችኝ። አልተሳሳትኩም።

«አባባ፣ እኛ ጋ ፖስታ ቤት ይቀጠሩ» አለችኝ።

«ደብዳቤው አድራሻ ባይጻፍበት እቀጠር ነበር።»

ቅዳሜ 7

አምስቱንም ዞረን አየን። እግሬ አልቋል።

ማቆያው ሃምሳ ሕፃን፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት። እናቶቹ ገበያ ውስጥ የሚሸጡ ናቸው። እሱ ያልፋል፤ የሚከራከርበት ሰው የለም። ጥያቄው ሁለተኛው ማን ነው የሚለው ነው።

የኳስ ሜዳው አጥርና መብራት ይፈልጋል። ማኅበሩን የሚመራው አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ለስላሳ በየእጃችን አስያዘን። እኔ አልከፈትኩትም። ልጆች ኳስ ቢጫወቱ ማን ይጠላል? ግን ሳይበራላቸውም እየተጫወቱ ነው።

ሚኒባሱ አሥራ አራት በሽተኛ ይጭናል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። በያጁም እዚያው ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል፤ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ዓመት ተኩሉ ነው። እንደማያውቀኝ ሆነ። እኔም እንደማላውቀው ሆንኩ። ደንቡ የሚከለክለው የሥጋ ዘመድን ነው፤ ምራቴ አንብባልኛለች። ቢሆንም የሰው አፍ አይታመንም።

ፋርማሲስቱ ሾፌሩን «ይህ መኪና ቢቆም እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ አፉን ሳይከፍት በያጁ ከውስጥ «ለሌላ በሽተኛ አልጋ ይለቃሉ!» አለ። በሽተኞቹ በሳቅ ወደቁ። ከእኛ ከኮሚቴዎቹ አንድም የሳቀ የለም።

ሰኞ 9

በያጁ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣

«ስንት ልትሰጠን ነው?» አለኝ።

«ምስጢር ነው።»

«ወዲያ! ያንተን ምስጢር ከእኔ በላይ ማን ተሸክሞ ያውቃል?»

ሚስቱ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ አመጣችለት። ሐኪሙ በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ ከልክሎታል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳና፣ «አርባ ዓመት ከተማውን ውሃ ስታጠጣ ኖረህ ለእኔ የቀረችኝ ይህች ናት» አለኝ። ዋጥ አላደረጋትም፤ አፉ ውስጥ አቆያት።

ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ስለ እግሩ አልጠየቅኩትም።

ሲሸኘኝ ደጃፉ ላይ ክንዴን ያዘ። «የፊታችን ሐሙስ ምራትህን ይዘሃት ሂድ።»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«ሠርግ ነው እንዴ ሰው የማስከትለው?» ብዬው ወጣሁ። በሽተኛ ሆኖ እንኳ አለቃ ሊሆንብኝ ያምረዋል።

ሐሙስ 12

አጭር። ደክሞኛል።

ነጥብ ሰጠን። ከሃያ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን ሲያድል «ትንሽ ማስተካከያ ተደርጎበታል፣ ታዩታላችሁ» አለ። አዩ። እኔም አየሁ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ስድስት፣ አሥራ አንድ፤ ከላይ ወደ ታች። ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። ፋርማሲስቱ «አባቴ፣ ፈጣን ነዎት» አለኝ። «ቧንቧ ሲፈነዳ ቁጭ ተብሎ አይታሰብም» አልኩት።

ግልባጩ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ምራቴ «ማስተካከያው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የጸሐፊ ነገር ነዋ፣ ምን ይሆናል።

ዓርብ 13

ውጤት ተነበበ። ጸሐፊው የማን እንደሆነ ሳይገልጽ የየአንዳንዱን ነጥብ በየተራ ጠራ። ማቆያው አንደኛ ወጣ፤ ሰማንያ ስምንት። ከዚያ ሚኒባሱን ጠራ። አሥራ አምስት። አሥራ አራት። አሥራ ሦስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ዘጠኙን እየጠበቅኩ ነው። ስድስት አለና ወረቀቱን ገለበጠው።

የኳስ ሜዳውን ሲጠራ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት አለ። አሥራ ዘጠኝ።

የኳስ ሜዳው ሰባ፣ ሚኒባሱ ስልሳ አራት። ሁለተኛ የወጣው የኳስ ሜዳው ነው።

ጸሐፊው አሳስቶ አንብቧል። ወጣት ነው፣ ይቸኩላል። ደረጃው ላይ ፋርማሲስቱ ለአዋላጇ «ለበሽተኛ ስድስት የሚሰጥ ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው?» ሲላት ሰማሁ። «እንጃ» አለችው፤ «እኔ አሥራ ስድስት ነው የሰጠሁት።» እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ጫማዬን የማስር መስዬ ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ዓርብ 13፣ ከራት በኋላ

ግልባጩን አውጥቼ ለምራቴ ሰጠኋት። «ይህን ልጅ እናጋልጠዋለን፣ አንብቢ» አልኳት።

አነበበች። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ምን ዝም ትያለሽ?»

«አባባ… ተራውን ቀይረውታል። በገቡበት ቀን አድርገውታል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው የኳስ ሜዳው ነው።»

«ሚኒባሱስ?»

«አራተኛ።»

ይህን አትጻፊው አልኳት። እየጻፈችው ነው።

እሑድ 15

ከቤት አልወጣሁም። ስለ ዝናቡ ነው።

ቅጹን የቀየረው ጸሐፊው ነው። ቀየርኩ ካለ ደግሞ አፍ አውጥቶ የቱ ወዴት እንደሄደ መናገር ነበረበት። ሰብሳቢዋም ማስነበብ ነበረባት። ይህ ሁሉ የተማረ ሰው ባለበት ቤት ጥፋቱ ወደ ቧንቧ ሠራተኛ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ዝም አይነቅዝም።

በያጁ በመከረኝ ቀን ምራቴን ይዣት ሄጄ ቢሆን ኖሮ። ያው ሠርግ አይደለም አልኩ።

ማክሰኞ 17

የሲሚንቶ ነጋዴው መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «አባባ፣ ከእነዚያ ሁሉ መካከል ልብ ያለዎት እርስዎ ነዎት። አራቱን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው፤ አሥራ ዘጠኙ የማን እንደሆነ ገባን። ውለታዎን አንረሳም።»

አይደለሁም ማለት አልቻልኩም። ነኝ ማለትም አልቻልኩም። «ዝናቡ በረታ» አልኩት። ቤትዎ ላድርስዎ ሲለኝ በእግሬ መጣሁ። ሰው ሁሉ አይቶናል።

ረቡዕ 18

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጸሐፊውን አገኘሁት፤ እንዲያው በነገር መሃል የመጣ አስመስዬ ጠየቅኩት። «አንድ የኮሚቴ አባል ነጥቡን ሲሰጥ ቢሳሳት ምን ይሆናል?»

«ይቻላል አባባ። ሐሙስ ሃያ ስድስት የመጨረሻው ስብሰባ ነው። እዚያ ተነሥቶ የተሳሳተበትን ምክንያት ይናገራል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝና ኮሚቴው ይወስናል። ከዚያ ካለፈ ግን ወደ ምክር ቤት ሄደ ነው፤ አይመለስም።»

«ምክንያቱ የግድ ነው?»

«የግድ ነው። ደግሞ ቃለ ጉባኤው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።» ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ። «ተሳስተዋል እንዴ?»

«ሰው ጠይቆኝ ነው» አልኩት።

ዓርብ 20

ሚኒባሱ ድጎማው እንደቀረበት ስለሰማ ነዳጅ ለመቆጠብ የሐሙሱን ጉዞ ሰርዟል። ወሩ ሲያልቅ ጨርሶ ይቆማል። በያጁ ትናንት ሳይታጠብ ቀረ። በታክሲ እንዳይሄድ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሳምንት አስቤዛቸው ነው።

ልጠይቀው ሄድኩ። በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከተጋደመ ትንፋሹ ያጥረዋል። ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

«አንተ ስንት ሰጠኸን?» አለኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «አሥራ ዘጠኝማ አልተጠራም አሉ።»

«ጸሐፊው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው» አለኝ። «ተወው፣ አትድከም።» ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን። ሚስቱ ስትሸኘኝ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሁልጊዜ ግን በር ላይ ቆማ የምትመርቀኝ ሴት ናት።

ውሸት አልተናገርኩም። አሥራ ዘጠኝ ጽፌያለሁ።

እሑድ 22

ከምራቴ ጋር ተጣላን።

እሷ የምትለው፣ ሐሙስ ሄደው «መነጽሬን ረስቼ ነበር» ይበሉ። ማንም አይጠይቅዎትም። እኔ የምለው፣ መነጽር የለኝም። እሷ፣ ይግዙ። እኔ፣ ሰባ አንድ ዓመት ቁልቁል ጉድጓድ ሳይ መነጽር ያላስፈለገኝ ሰውዬ።

«እንግዲያው እውነቱን ይናገሩ» አለችኝ።

«የቱን እውነት?»

«አባባ!»

«ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ነው የምልሽ! ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቆሞ ያነበዋል። ‹አያቴ ማንበብ አይችልም› የሚለውን አንብቦ ነው የሚገባ።»

«ደግሞ ምን አለበት?» አለች። «እሱ እኮ ያነበዋል።»

ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ይኸው ተመልሼ ነው የምናገረው፤ እሷም ዓይኗ ቀልቶ እየጻፈች ነው። ይህን አትጻፊው አላልኳትም።

ማክሰኞ 24

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን እኔ ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ነው የሰማሁት። አንዱ ፊቱን በሳሙና ተለቅልቆ እንደተንጋለለ፣ «አባባ፣ የኳስ ሜዳው መብራት በእርስዎ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው አሉ» አለኝ። ሌላው ተቀበለና፣ «መብራቱስ ቀረ፣ ሲሚንቶው ብቻ ቢደርሳቸው ግቢያቸውን ይለስኑበት ነበር!» አለ። ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም፤ ምላጩን ማጅራቴ ላይ አድርጎ «አይንቀሳቀሱ» አለኝ ብቻ።

መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳስብ መጣሁ። ልናገረው። በላ ይበሉኝ አልኩ። በላ ይሻላል። የበላ ሰው ቢያንስ የፈረመውን አንብቦ ነው የበላው።

ይህን አሰብኩ። በያጁ በሦስት ትራስ ተደግፎ ሳለ እኔ ይህን አሰብኩ።

ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ታጥቧል። ምራቴ ሄዳ አይታዋለች። «ትንሽ ቀለል ብሎታል» አለችኝ። ሐሙስ ግን አሁንም መኪና የለም።

ሐሙስ 26

ገና እንደገባሁ እጄን አወጣሁ። «ነጥቤን ተሳስቻለሁ። ለሚኒባሱ ያሰብኩትን ለኳስ ሜዳው፣ ለኳስ ሜዳው ያሰብኩትን ለሚኒባሱ ነው የሰጠሁት።»

ፋርማሲስቱ ወደ ወንበሩ ተደገፈ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አልታወቀዎትም?»

ሰብሳቢዋ «ምክንያቱን ይንገሩንና ይያዝ» አለች።

«መነጽሬን ረስቼ ነበር» አልኩ። አዎ፣ አልኩት።

«አባቴ» አለ ፋርማሲስቱ፣ «መነጽር አድርገው አይቼዎት አላውቅም። ይልቅ ሰው ወቀሰዎት፣ ወሬው በዛብዎትና ነው?»

«ይብቃ» አለችው ሰብሳቢዋ። ደግ ሴት ናት። በደግነቷ ነው የገደለችኝ። የራሷን መነጽር ከዓይኗ አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገችና ቅጹን ጨምራ በጠረጴዛው ላይ ገፋችልኝ። «ይውሰዱ፣ የእኔ ለንባብ ነው። ረድፉን ያንብቡልንና አሁኑኑ እናስተካክለው።»

አደረግኩት። ወረቀቱን አቀረብኩት። ጉንዳን የሚመስሉት ፊደሎች ገዘፉ እንጂ አልተናገሩም። አዋላጇ ታየኛለች። የባንክ ጡረተኛው ያየኛል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጣቴን አደረግኩ፤ «የኳስ ሜዳ» ማለት እችል ነበር። ምራቴ ነግራኛለች፣ አውቀዋለሁ፤ ብለው ያልፍ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ፋርማሲስቱ «እስኪ የራስጌውን አንቀጽ፣ አዲሱን» አለ።

መነጽሩን አውልቄ መለስኩላት። «እመቤት፣ መነጽሩ ጥሩ ነው። ፊደል የሌለኝ እኔ ነኝ» አልኳት። «ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም። የድሮውን ተራ በቃል ይዤ መጣሁ፤ እናንተ ተራውን ቀየራችሁት፣ እኔ መጠየቅ አፈርኩ። ጻፈው» አልኩት ጸሐፊውን። «እንዳታሳምረው።»

እስክሪብቶው ብቻ ይፋጫል።

ሰብሳቢዋ ኮሚቴው እስኪነጋገር ኮሪደር ላይ እንድቆይ ለመነችኝ። «የሚባለውን ፊቴ በሉት» አልኩ። አሉት። ፋርማሲስቱ «የማይነበብ ቅጽ ላይ የተሰጠ ነጥብ ነጥብ አይደለም፤ ማስተካከልም አይቻልም፤ የእሳቸው በሙሉ ይሰረዝ» አለ። አዋላጇ «ሰውዬው እውነቱን ተናገሩ እኮ» አለች። የባንክ ጡረተኛው በወሩ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ፤ «ልክ ነው፣ ይሰረዝ» አለ።

ተሰረዘ። አምስቱም። ጸሐፊው እንደገና ደመረ። ሚኒባሱ ሃምሳ ስምንት፣ የኳስ ሜዳው ሃምሳ አንድ። ሚኒባሱ በሰባት በለጠ። ማቆያውና ሚኒባሱ።

እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። የእኔ አሥራ ዘጠኝ አላስፈለገም። እኔ ያን ዕለት ታምሜ ብቀር፣ ቤቴ ብተኛ፣ ሚኒባሱ በመጀመሪያውም ቀን አልፎ ነበር። አራት ሰዎች ያለ እኔ በትክክል ይሠሩ ነበር። መንገዱ ላይ የተጋደመው ድንጋይ እኔ ነኝ።

የሰፈሩን መቀመጫ ሌላ ሰው ይያዘው ተባለ። ሰብሳቢዋ በር ድረስ ሸኘችኝ። «ደብተሩን ይያዙት» አለችኝ። «ካሁን በኋላ ቅጹ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበብ፤ አዝዣለሁ።» ዘግይታለች፤ ግን አዛለች።

ምራቴ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር። አንሺው አልኳት።

ዓርብ 27

ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ ማልጄ ሄድኩ። ሰምቷል።

«ሠላሳ ዓመት የደበቅኩልህን በአንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ሰቀልከው?» አለኝ። ጮኸ። ትንፋሽ የለውም፣ ግን ጮኸ። «እኔስ? ያን ሁሉ ትእዛዝ ማን አነበበለት ሲሉ እኔ ምን ልባል ነው? የውሸታም አስተርጓሚ?»

«ምን ላድርግ ኖሯል?»

«ከመጀመሪያው ምራትህን ይዘህ መሄድ!»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

«ስድስት ሰጠኸኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አሥራ ዘጠኝ ነው የሰጠሁህ።»

«ለኳስ ሜዳ! እኔ በዕድሜዬ አንዲት ኳስ መትቼ አላውቅም።»

እሱ ነው ቀድሞ የሳቀው። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ጀርባውን ደገፍኩት። አጥንቱ በእጄ ይቆጠራል። ይቅር በለኝ አላልኩትም። አፌ አይመጣልኝም፤ ሚስቴም ይህን ስትወቅሰኝ ነው የሞተችው። ተነሥቼ ልወጣ ስል፣

«ማክሰኞ ባዶ ወንበር አለ» አለኝ። «ሐኪሙ አስታማሚ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ ብሏል። እዚያ አልጋ ላይ አራት ሰዓት ከጣሪያ ጋር ነው የማወራው።»

«ሰዎቹ ያውቁኛል እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው ና የምልህ።»

ማክሰኞ 1፣ አዲሱ ወር

ሚኒባሱ በማለዳ መጣ። ከበያጁ ኋላ ገባሁ። አሥራ ሦስት ሰው «እንደምን አደራችሁ» ያልኩትን በዝምታ ተቀበለው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አስነሣ። በያጁ መስኮቱ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፤ ወደ ውጭ ያያል፣ አንድ ቃል አልረዳኝም። ሊረዳኝ እንዳልፈለገ ገባኝ።

ባዶው ወንበር ዳቦ ቤት የነበራት አንዲት ሴት አጠገብ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ሁለት መንገድ እስክንሻገር ጠበቀችና፣

«ስድስት የሰጡን እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ማንበብ ስለማይችሉ ነው አሉ።»

«ማንበብ ስለማልችልም ነው። መጠየቅ ስላፈርኩም ነው።»

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አዙሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ተመለሰ። ሴትየዋ አንድ ትልቅ ፌስታል ከእግሯ ሥር ጎትታ አወጣች፤ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ካልሲ የታጨቀበት። እጥበቱ ላይ ሰው በጣም ይበርደዋል፤ እዚያ ደርሼ ነው ያየሁት። መርፌ የሚገባበትን ክንዷን አሳየችኝ፣ ቆዳው እንደ ገመድ ተቋጥሯል።

«ይህ እጄ ዕቃ አይሸከምም» አለችኝ፣ «ሌላው ደግሞ ደክሟል። በሉ ያዙ።»

ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ ይስጡኝ አላለችኝም። ወደ ኋላም አልተመለከተችም። በያጁን በአንድ እጄ ደግፌ፣ የእሷን ፌስታል በሌላው ይዤ፣ ደረጃውን እስከ አልጋዋ ድረስ ወጣሁት።